የአይዞሽ መጠን

አቀስታ፣ ሆስፒታሉ፣ ከኋላ ሦስተኛው በር፤
ጠባብ ናት ክፍሏ፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፤
መስኮቷ በጋዜጣ የተሸፈነ፣
ጋዜጣው ከርሞ ቢጫ የሆነ።
እዚያ ነው የምሠራው፤ ይኸው ስድስት ዓመቴ።
እጄ ፈጣን ነው፤ ያ ነበር ኩራቴ።
ፅንሱ ራሱ ይውረድ፣ ወይ እሷ ታስወርደው፣
እኔ የምጠርገው የተረፈውን ነው።
አምስት ደቂቃ፣ ቢበዛ ሰባት፣
ማሕፀን ጠርጌ፣ ደሟን አቁሜላት፣
ጓንቴን አውልቄ፣ ካርዷ ላይ ጽፌ፣
ቀጣይዋን እጠራለሁ እሷን አልፌ።

ሲያስተምሩን
ሲስተር የሺመቤት እንዲህ አሉን፦
"ካወሩላት ትችለዋለች። እጇን ያዙ።
አይዞሽ በሏት፤ ይበቃታል። አትፍዘዙ።"

እኔም ያዝኩኝ። እኔም አልኩኝ።
ለተማሪዋ "ጎበዝ ልጅ" አልኩኝ፣
ከለገሂዳ ለመጣችው "አብሽሪ" አልኩኝ፣
ለጮኸችው "ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል" አልኩኝ።

ግድግዳው ላይ አለ አንድ ወረቀት፣
ከዜሮ እስከ አሥር የሕመም ልክ የተጻፈበት።
ፊቶች አሉት፤ የሚስቅ፣ የሚያኮርፍ፣ የሚያለቅስ፤
ማንም ጠይቆበት አያውቅ፤ አቧራ ነው የሚለብስ።

መድኃኒቱስ? አለ። አለ፤ ደግሞም የለም።
የቁም ሳጥኑ ቁልፍ እኔ ጋ አይደለም።
ቁልፉ አቶ ሙሄ ኪስ ውስጥ ነው፤
አቶ ሙሄ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ቤቱ ነው።
ሕመም ደግሞ ማታ ነው የሚመጣ፣
በአይሱዙ ጋቢና፣ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ ከሩቅ ቆላ የሚወጣ።
ኪኒኑን ብሰጥም መጠበቅ አለብኝ፣
ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ፤ ማን ጊዜ ሰጠኝ?
ውጭ ሦስት ተቀምጠዋል። አልጋው አንድ ነው።
ሰበቤን ስደረድር እንዲህ ነበር የምለው።

እውነቱን ልናገር? ሌላም ነበር፣
ከምላሳችን ሥር የሚቀበር፣
በካርድ ላይ የማይሰፍር፦
"ትንሽ ቢያማት ምን አለበት፤ ሁለተኛ እንዳይለምዳት።"
እኔ አላልኩም። ያለችው ሌላ ናት።
እኔ ዝም ብዬ ነው የሰማኋት፣
ብረቱን እንደያዝኩ።

በጥቅምት መንጋጋዬ አበጠ።
ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ካይኔ አመለጠ።
ደሴ ወረድኩ፤ ፒያሳ፣ ደረጃ ላይ፣ የጥርስ ሐኪም ቤት።
ልጅ እግር ነው ሐኪሙ፤ ከተፍ ያለ፣ ባለ መነጽር ፊት።
መርፌውን ወጋኝና ጠበቀ።
ሰዓቱን አየ። ድዴን በብረት ነካና "ደነዘዘ?" ብሎ ጠየቀ።
"ገና" ብለው ጨመረልኝ፤
እንደገና ጠበቀኝ።
ለአንዲት ጥርስ! ለተበላች፣ ለምትጣል፣
ሰው ቆሞ ይጠብቃል።
ምራቄ በአገጬ እየወረደ
ሐሳቤ ወደ ጦይባ ይማም ሄደ።

ጦይባ አልጮኸችም።
ሻሿን ነክሳ፣ ወደ ላይ አንጋጣ፣
የኮርኒሱን ጣውላ ትቆጥር ነበር፤
አሥራ ሰባት ላይ ስትደርስ ይጠፋት ነበር፤
እንደገና ከአንድ ትጀምር ነበር።
ካርዷ ላይ እኔ የጻፍኩት፦
"ታካሚዋ ተረጋግታ ነበር።"

ጥጡን እንደነከስኩ አቶ ሙሄ ቤት ሄድኩ፤
በተጣመመ አፍ ቁልፉን ለመንኩ።
"ፊርማ አለው" አለኝ። "እፈርማለሁ።"
"ኦዲት ይመጣል።" "ይምጣ፤ እኖራለሁ።"

አሁንም ሳጥኑ ባዶ የሚሆንበት ሌሊት አለ፤
ያን ጊዜ "አይዞሽ" ስል ድምፄ እንደተበዳሪ ነው፤ የቀለለ።
ሲኖር ግን ሰጥቼ ሰዓት አያለሁ።
ውጭ ያጉረመርማሉ፤ እሰማለሁ።

ትናንት ከጊምባ የመጣች ሴት፣
ያንን ወረቀት አቧራውን ጠርጌ ባሳያት፣
"ቁጥሩን ተወው" አለችኝ፤ "ወፍጮ ነው፤
ሆዴ ውስጥ ነው የሚፈጨው።"
ወጋሁና ቆምኩ። ጠበቅኩ።
"አሁንስ?" ብዬ ጠየቅኩ።
ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፤ ቆየች፣
"ይሰማኛል፤ ግን ርቋል" አለች።
ካርዷን ሳብኩ። "ተረጋግታ" ልል ብዬ ተውኩት፤
እንዳለችው አድርጌ ጻፍኩት፦
ወፍጮው ከወንዝ ማዶ።