የብረቱ እግር

ከፖስታ ቤት በላይ፣ ወደ ፒያሳ ሽቅብ፣
ሜትሬን ዘርግቼ ለሱቁ ግድግዳ ቀይ ቀለም ሳቀርብ፣
ጋሽ ቀጸላ አልተቆጡም።
«አንቺ ምን ታደርጊ፣ የላኩሽ አሉ» አሉኝ፤
«ግን አንድ ዘመድ አለሽ እዚህ ቤት፣ እሱን አይተሽ ሂጂ።»

ከአሮጌ ሳንቲሞች፣ ከቆመ የኪስ ሰዓት፣ ከቁልፍ ዘለላ ሥር
መዳፍ የምታህል ካርቶን አወጡልኝ፣ ጠርዟ የወርቅ ክር።
የወታደር ልብስ፣ የታጠቀ ወገብ፣ በሰም የሾለ ጢም፤
የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት፣ እንግሊዝ አገር፣ «አትነቃነቅ» ተብሎ
እስካሁን ያልተነቃነቀ።
«መሐንዲስ ነው፤ እንዳንቺው ቀያሽ።
ክንዱ ሥር ያለውን ጥቅል ፕላን አላየሽ?»

ከኋላው ሸራ ላይ ወንዝና ድልድይ ተስሏል፤
ውሃው አይፈስ፣
ድልድዩ ከሰው ጀርባ በቀር ማንንም አሻግሮ አያውቅ።

ገለበጥኳት። በቀጭን ብዕር «ለኤዲት» ይላል፤
የቀረውን ሻጋታ በልቶታል።
የእሱ ስም የለም።
(ፊቱን የምታውቅ ሴት ስሙን ምን ታደርገዋለች?)

ስንት ገመድ ወጠረ? የማን ደጅ ላይ ካስማ ተከለ?
ኤዲትስ በየትኛው መሳቢያ አስተኛችው፣ ማን ሸጦት እዚህ ዋለ?
ጋሽ ቀጸላ አያውቁም። «ከሌላ ዕቃ ጋር በጆንያ ነው የመጣ፤
ሃያ ዓመት እኔ ዘንድ ተቀመጠ፣ ጠያቂ እንኳ አጣ።»

ከዚያ ጣታቸውን በቡትስ ጫማዎቹ መሃል አሳረፉ።
«ይቺንስ?»
አጎነበስኩ።
ከተረከዙ ጀርባ፣ ጥላ ውስጥ ተሸሽጎ፣
የብረት እግር አለ፤
ፎቶ አንሺው አንገቱ እንዳይወዛወዝ ከኋላ የደገፈበት።

ተራራ ሰንጥቆ፣ ገደል ከገደል ያጋጠመ
ለአንድ አፍታ ዝም ብሎ መቆም ቢያቅተው፣ በብረት ተይዞ ቆመ።

ውጭ ኤክስካቫተሩ ያጓራል፣ የመደርደሪያው መስታወት ይንቀጠቀጣል፤
ረዳቴ ናሁሰናይ «ቁጥር ስንት ልበል?» እያለ ይጣራል።
ጋሽ ቀጸላ የበሩን መቃን ተደግፈዋል።
መቃኑም እሳቸውን።

«ስንት ነው?» አልኩ፣ ኪሴን እየዳበስኩ።
«ውሰጂው በነፃ።
ቤት የለኝም እንግዲህ፤ እንግዳ አላሳድርም።»

ቁጥሩን ራሴ ጻፍኩት።
የሰባቱ ጫፍ ፈሰሰ፤ ቀጭን፣ ቀይ፣ ቀስ እያለ፣
በግድግዳው ወርዶ
መሬት ሲነካ
ቆመ።