ሰባ ሁለት ደረጃ

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ኮዬ ፈጬ ላይ፣
ፀሐይ ዘንበል ስትል ከጣሪያው በላይ፣
መንጋጋዬ ይነሣል ማንም ሳያዘው፤
አየር ያመነዥካል፣ ልማድ እንደያዘው።
እጄ ላብ ያወጣል፤ ሆዴ ውስጥ አንድ ሚኒባስ፣
ፍሬኑ ተበጥሶ ቁልቁል ሲገሰግስ፤
ሹፌሩም እኔ ነኝ፣ ተሳፋሪውም እኔ፤
“ወራጅ አለ!” ብል የሚሰማኝ የለም ከጎኔ።

ስልኬ ይንጫረራል። ደግፌ ነው፦
“የት ጠፋህ? በለጬው ገብቷል፤
ፍራሹ ላይ ቦታህ እንዳለ ነው።”
እውነቱን ነው፣ እንዳለ ነው።
አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጬ የጎደጎደ፣
በኔው ልክ የተሰፋ ጉድጓድ ነው።

ጀሪካኔን አነሣለሁ።

ውኃ እኛ ጋ በሦስት ቀን አንዴ ትመጣለች፣
እሷም ከምድር ቤት ወደ ላይ አትወጣም።
የሊፍቱ ቦታ ሽቦ የተንጠለጠለበት ጨለማ ነው።
እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ። ሰባ ሁለት ደረጃ።

መምሬ ይኄይስን፣ ጉልላት ገና ባልወጣላት
የቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣
“አባ፣ ጸሎት አልያዝ አለኝ፤
‘በስመ አብ’ ብዬ ሳልጨርስ
ሐሳቤ ጫት ተራ ደርሶ ይመለሳል” ብላቸው፣
ጫማቸውን ከጭቃው እያላቀቁ ጀሪካኔን አዩት።
“ውኃ ትቀዳለህ?”
“እቀዳለሁ።”
“በየደረጃው አንድ ‘እግዚኦ’ በል። ሌላ አልሰጥህም።”

እግዚኦ፣ አንድ። እግዚኦ፣ ሁለት።
እጀታው ጣቴን ሲበላው፣ እግዚኦ።
ሠላሳ ሦስት ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ልደርስ ስል፣
አወል በሩ ላይ ቆሞ ሙስባሃውን ይገፋል።
ሲጋራ ከተወ አምስት ወሩ።
“እኔም ሠላሳ ሦስት ላይ ነኝ” ይለኛል።
እንሳሳቃለን። “በርታ” አንባባልም፤
የሁለታችንም እጅ ሥራ ይዟል።

አንዳንዴ ቁጥሩ ይጠፋብኛል። አርባ ነበርኩ ወይስ ሃምሳ?
ያኔ ልቤ ትበረግጋለች፦ ተበላሸ፣ በቃ፣ ተበላሸ።
“ወርጄ ልጀምር እንዴ አባ?” ብላቸው ሳቁብኝ።
“እግዜር ደረጃ ቆጣሪ መሰለህ?
ከጠፋህበት ጀምር። ያወጣኸውን ውኃ ይዘህ አትውረድ።”

ይህን ያሉኝ በጥቅምት ነበር።
በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ሰፈሩ ቆሻሻውን
ሲያቃጥል የዋለበት ጭስ ገና ሳይጠራ፣
ሃያ ስድስተኛ ቀኔ ላይ፣
ቃምኩ።

ምን እላለሁ። ቦታዬ እንዳለ ነበር።
ሌሊቱን በቱሉ ዲምቱ በኩል ጅብ ሲጮህ ሰማሁ፤
ጅብ ይሁን የኔው ጆሮ፣ አላውቅም።
ጠዋት ለሦስት መቶ ስግደት ጉልበቴን አዘጋጅቼ ሄድኩ።
መምሬ ግን ዝም ብለው ቆይተው፣
“አምስተኛ ፎቅ ብርነሽ የምትባል ሴት አለች፤
ወገቧን ያማታል፤ ውኃ የሚያወጣላት የለም” አሉኝ።
“ለስንት ቀን፣ አባ?”
“ውኃ በመጣ ቁጥር።”

ስለዚህ አሁን ዘጠና ደረጃ ነው።

ጭንቀቴ ሄደ አልልም፤ ዋሽቼ አልጠቀም።
በዘጠኝ ሰዓት ይመጣል፤ አይዘገይም፣ አይቀድም።
ግን ባዶ እጁን አላስቆመውም፤
ሁለተኛውን ጀሪካን አስይዘዋለሁ፣
እያለከለክን አብረን እንወጣለን።
ውኃ በሌለበት ቀን ደግሞ
ባዶውን ይዤ እወጣለሁ። ያኔ ነው የሚከብደው።

እትዬ ብርነሽ በር ከፍታ ትጠብቀኛለች።
“ምንድን ነው ለራስህ የምታወራው?
ከታች ጀምሮ ይሰማኛል።”
“እየቆጠርኩ ነው፣ እትዬ።”
“ስንት ደረሰ?”
ጀሪካኑን በርሜሏ አፍ ላይ እዘቀዝቀዋለሁ።
ድምፁ መጀመሪያ የባዶ ዕቃ ነው፣
ቀስ እያለ ይወፍራል፣ ከዚያ ዝም።
“ጠፍቶብኛል” እላታለሁ።