የጉልበት ሎሚ

መጀመሪያ ገመድ ስትዘል ነበር፣
ታቦር ተራራ ሥር፣ ከትምህርት ቤቱ በር።
ሁለተኛ፣ ከጓደኛዋ ብስክሌት ስትወርድ፣
በፒያሳው መንገድ።
ሦስተኛው ግን በምንም፦
ጫማዋን ፍለጋ ካልጋ ሥር ጎንበስ አለች፣ ሌላ ነገር የለም፤
ሎሚው ከጉልበቷ ሸሸ ወደ ጎን፣
የኤፍራታ እግር የባዕድ መሰለን።

ወጌሻ ላሚሶ ሁለቴ መለሰው፣
በቅቤ አሽቶ፣ በጨዋታ አዘናግቶ፣ ሳታውቀው።
በሦስተኛው ግን፣ ሎሚውን መልሶ፣ ብሬንም መለሰው፦
"ቁልፍ ነው እኮ፣ ክሩ የተበጠሰ፤
እኔ መመለስ ነው የማውቀው፣ ማን ይስፋው የፈረሰ?
ሐኪም ቤት ውሰዳት።"
ወጌሻ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ትከሻውን ሳምኩት።

ዶክተሯ በካርዱ ጀርባ ጉልበት ሣለች፤
"ከጭኗ ኋላ አንድ ቀጭን ጅማት እንወስዳለን" አለች፣
"ሎሚውን ከውስጥ በኩል ካጥንቷ ጋር እናስራለን።
ይቺን መስመር ግን እንፈራለን፤
አጥንቷ የሚያድግባት ናት። መሰርሰሪያው ዝቅ ብሎ ያልፋል፤
ከነካት፣ እግሯ ይጣመማል።"
ሁለት ጊዜ አሰመረችባት።
እኔ ግን የታየኝ የቤቴ መቃን ነው፣
ቁመቷን በየዓመቱ በእርሳስ የጫርኩበት፣
አሥራ አንድ ላይ የቆመው።

የጉልበት ሠራተኛ ነኝ፤
ሲሚንቶ እሸከማለሁ፣ ሞኖፖል መንገድ ሕንጻ ሲወጣ።
ስንት ወር ጉልበቴን ሸጥኩ፣ ጉልበቷ እንዲመጣ።
አማርኛስ ያውቅ ኖሯል፣
ለሁለቱ አንድ ስም ሲያወጣ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ከበሩ ውጭ ቆምኩ።
ከአሞራ ገደል የመጣ አባ ኮዳ አጥሩ ላይ ቆሟል፣
ባንድ እግሩ፣
በዚያ ሰንበሌጥ እግሩ፣ ያለ ካርድ፣ ያለ ወረፋ።
በወፍ ቀናሁ፤ ይቅር በለኝ አልኩ።

አሁን ስድስተኛ ሳምንቷ ነው። ክራንቿ በር ጥግ ተደግፏል።
ጉልበቷን ስታጥፍ ከንፈሯን ትነክሳለች፤
"ዘጠና ዲግሪ ገባሁ!" ትላለች፣
ፈተና ያለፈች ይመስል።
ሌሊት ስትገላበጥ እነቃለሁ፤
በጨለማ እጄን ጠባሳዋ ላይ አኖራለሁ።
አለ።
ሎሚው እቦታው አለ።

የዝላይ ገመዷን ደብቄዋለሁ፣
ከቆጥ ላይ፣ በባዶ የሲሚንቶ ከረጢት።
የት እንዳለ ታውቃለች።
እስካሁን አልጠየቀችኝም።