መሻገሪያ

ሐሙስ ማታ ነው፤ ኮምቦልቻ ሞቋል፣
ጋሽ ይማም ሱቁን እስከ ግማሽ ዘግቷል።
ካውያና ሬዲዮ ከሚፈታበት
ጠረጴዛ ላይ የሰው ማሽን ተቀምጧል፤
ሁለት ክብ ሳህን፣ መሐል ላይ መግፊያ፣
አንዱ ቁልፍ ወልቆ ቡሽ ተተክቷል።

ቅዳሜ ሰርግ ነው። የአክስቴ ልጅ ዘይነባ
በነጭ መኪና ከደሴ ስትገባ፣
የሀረጎን ጠመዝማዛ ወርዳ ጨርሳ፣
ከፊት ከኋላዋ ክላክስ ሲያገሳ፣
"ዲጄው ማን ነው?" ቢሉ — እኔው ነኝ፣ አራጋው፣
ለሽቦ እንጂ ለሰው እጁን ያልዘረጋው።

አክስቴ ናት ጉዱን ያመጣችው።
"የደሴው ልጅ ዋጋው ጣራ ነካ" አለች፤
"አንተ ማሽን ነገር ታውቅ የለም እንዴ?"
አውቃለሁ። ችግሩ፣
ማሽን ፈትቻለሁ፤ ሰው ገጥሜ አላውቅም።

ሦስት ሌሊት ሆነኝ። ዘፈን መደርደሩ
ቀላል ነገር ኖሯል፤ ጉዱ ከድንበሩ፤
አንደኛው ሲወጣ ሌላው እስኪገባ
የምትቀር ቀዳዳ ናት ሆድ የምታባባ።
እዚያች ቀዳዳ ውስጥ ሰው እግሩ ይቆማል፣
ሙሽራይቱ ዞራ ታየኛለች፤ ይሰማል
ብርጭቆው፣ ወንበሩ፣ የአጎቴ ሳል፣
የጄኔሬተሩ ጉርምርምታ ሳይቀር።

የከተማው ዘፈን በአራት ይራመዳል፣
እንደ ወታደር ነው፣ ግራ ቀኝ ይሄዳል፤
የወሎ ጭፈራ ግን ሦስትና ሦስት ነው፣
ትከሻ ቀድሞ ነው እግር የሚከተለው።
አንዱን ባንዱ ላይ ስጭን ይገጫጫሉ፣
ቦርከና ድልድይ ላይ ሁለት አይሱዙ ይመስላሉ።

ጋሽ ይማም ከጥግ ጫቱን ይዞ ሳቀ፤
"ድምፁን ከፍ አርገው! በጩኸት ያለቀ
ስንት ሰርግ አይቻለሁ፤ ማን ጆሮ አለውና?"

ጆሮ ያላትማ
እናቴ ናት፣ ጆሮ የሌላት።
ሃያ ስድስት ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ
መዘውሩ ሁሉ ሲጮኽ፣ ሲያንኳኳ፣
የተረፈላት ድምፅ ከእፍኝ ያነሰ ነው፤
የራሷን ስም እንኳ ከከንፈር ነው የምትለቅመው።

ትናንት ማታ መጣች፣ እራቴን በፌስታል ይዛ፣
ሻሿን አላላች፣ ተጠጋች ከጠረጴዛ፤
ምንም አልጠየቀች። መዳፏን ዘረጋች፣
እስፒከሩ ሆድ ላይ እንደ ሐኪም ጫነች።

"ዘገየህ" አለችኝ።
ምኑ? አልሁ፤ ዞራ ነበር፣ አላየችኝም።
"ክር ሲያልቅ፣ ልጄ፣ ማሽኑ አይቆምልህም።
አዲሱን አምጥተህ፣ አሮጌው ሳይበጠስ፣
አራት ጣት ሲቀረው ትቋጥራለህ።
ቋጠሮው ካነሰ፣ ጨርቁ አያውቀውም።"

ከዚያ ጉልበቴ ላይ በጣቷ ቆጠረች።
የድሮ ቁጥር ነው፣ የሌሊት ፈረቃ፣
እንቅልፍ ያንገላታት ጓደኛ እንድትነቃ
አንዷ ላንዷ ጀርባ የምታንኳኳው።
ሦስትም በሦስቱ፣ አራትም በአራቱ ይሂድ፣
አሥራ ሁለት ላይ ይገናኛሉ የግድ፤
አሥራ ሁለት ላይ ነው፣ የፋብሪካው በር ሲከፈት፣
የሚገባ ፈረቃ፣ የሚወጣ ፈረቃ
ትከሻ ለትከሻ የሚሳሳሙበት።

ሞከርሁት።
ገጠመ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።
ከዚያ መብራት ጠፋ፣ እንዳለ ኮምቦልቻ።

ጎረቤት መብራት ኃይልን በስም እየጠራ ሲራገም፣
እሷ ከዚያ አልተነሳችም፣
እጇም ካለበት አልተነሳም።
"ይሄ ነበር?" አለች።
ከንፈሬ አይታይ በጨለማ፣
ምን ብዬ ልመልስ፣ በምን ልትሰማ?
የእጇን ጀርባ ፈልጌ
ሦስቱን በአራቱ ላይ፣ በቀስታ፣ አንኳኳሁላት።

ዛሬ ቡሹ ደግሞ ወለቀ እንደገና፣
የመክፈቻ ዘፈን አልመረጥሁም ገና፤
ሸሚዙም የጋሽ ይማም ነው፣ አንገቱ ይሰፋኛል።
ላክስቴ ደውዬ አንድ ነገር ብቻ ለመንሁ፦
ሰው ጩኸቱን ሸሽቶ ባዶ በሚተውበት፣
እስፒከሩ ጎን፣ አንድ ወንበር፣
ማንም እንዳይቀመጥበት።