የኋላ ወንበር

ነሐሴ፣ የሻርጃ መኪና ገበያ፤ ጥላው ራሱ ያልበዋል፤
ቁልፍና ባዶ ቅጽ ይዣለሁ፣ «እንድሪስ፣ ለነገ ጠዋት» ተብሏል።

አዲስ ናት ይላሉ፣ ማለት የታደሰች፤
ዓይኗን የተኳለች፣ ከንፈሯን ያቀላች፤
የአምናዋ እኅቷ ግን ከሥር ተቀምጣ ትስቃለች።
በሩን ስዘጋው ድምፁ ነገረኝ፣
ያው ድፍን፣ ያው ወፍራም፤ እሱን አለመንካታቸው ደስ አለኝ።

ማዞሪያዎቹን ነቅለው መስታወት ለጥፈዋል፤
ቅዝቃዜ ለመጨመር ሦስት ገጽ ይታለፋል፣
ላብ የነካው ጣት ደግሞ ከደጅ ይመለሳል።
አንድ ነጥብ ቀነስኩ። ይግባኝ የለውም።

ከራስ መደገፊያው ሥር ሙቅ አየር የሚተፋ
ቀዳዳ አበጅተዋል፣ ማጅራት እንዳይበርደው።
ማጅራት! በዚህ አገር!
ሱኒል መካኒኩ ስቆ ስቆ ጎማው ላይ ተደፋ።
እኔን ግን ቅጹ ያዘኛል፣ ከፈትኩት፤
ይሠራል። በጣም ይሠራል።
አንገቴን እንደ በቆሎ ጠብሼ ዘጋሁት።

ጣሪያው በአንድ ጣት፣ በአሥራ ስድስት ሰከንድ
(አሥራ አራት ይላሉ፤ ሁለቴ ቆጥሬያለሁ)
እንደ ጋቢ ታጥፎ ከኋላ ይገባል፤
ለዕቃ የሚተርፈው የአንድ ቦርሳ ቦታ ነው፣
ሌላው ቤት ይጠብቅ።
እኛ በተደራራቢ አልጋ፣ ስምንት ሆነን፣
በየወሩ የምንከፍለው ጣሪያ ስላለ ነው፤
ይህ ደግሞ የሚከፈልበት ስለሚነሳ ነው።
ልቆጣ አልኩ። ቅጹ ለቁጣ መስመር የለውም።

«ሙሉ ሰው ይቀመጥበታል?» አለ ገዢው፣ አቡ ራሺድ፣
የኋላውን ወንበር እያየ።
ገባሁ። ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ሰላምታ ተለዋወጠ።
«ልጅ» ብዬ ጻፍኩ። አሰብኩና፣ «ወይም ቦርሳ»።

ማታ የመንገድ ሙከራ፣ ወደ ኮርፋካን።
ከኋላ ክብደት ያስፈልጋል፤ ገመቹን ጠራሁት፣
ከሁለት ፈረቃ መኪና እጥበት የወጣ፣
እጁ ገና ሳሙና ሳሙና የሚሸት።
ጣሪያውን ከፈትኩ።
ንፋሱ መጀመሪያ የምድጃ አፍ ነበር፤
ዋሻውን አልፈን ተራራው መሃል ስንደርስ
ትንሽ ራራ።
በመስታወቱ አየሁት፦ ሁለቱ ወንበር ላይ ተጣጥፎ፣
ፊቱን ለሰማይ ሰጥቶ፣
እንደ ተጠቀለለ ምንጣፍ ተኝቷል።

ፈተናውን የጀመርኩት ያኔ ነው።
በየመጠምዘዣው ወረወርኳት፣ በየጉብታው አዘለልኳት፤
ጣሪያ የሌለው ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣
አጥንቱ ይላላል ይባላል።
የእሷ አልላላም። ማስረጃ፦
ገመቹ አልነቃም።

ሻርጃ ስንገባ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።
በራፉ ላይ ቆምኩ፣ እጄ መሪው ላይ፣ ስሙን ልጠራ አፌን ከፍቼ።
ከዚያ አደባባዩን ዞርኩት።
እንደገና ዞርኩት።
ሰማዩ እስኪገረጣ ድረስ ዞርኩት።

ጠዋት ቅጹን ሰጠሁ። «ልጅ» የሚለው ተሰርዟል፤
በላዩ «አንድ ሰው፣ ተጋድሞ» ተብሎ ተጽፏል።
የነዳጅ ፍጆታ፦ ፋብሪካው ከሚለው ይበልጣል።
«ምክንያት» በሚለው ሣጥን
ሰረዝ አድርጌያለሁ።