ሚዛን ያልያዘው

ሐይቁ ጭጋግ ለብሶ ገና ሳይነጋ፣
ላታሞ አምባዛውን ሰንጥቆ ሲዘረጋ፣
ከሆዱ ቀለበት ወጣ ያለ ደም፤
ወርቅ አይሉት ብር፣ ነሐስም አይደለም።
አንጀት ሲሻሙ የሚውሉት አባ ኮዳዎች
አሞራ ገደል ላይ ቆሙ እንደ ለቀስተኞች፤
አንድም አልቀረበ።

ወደ እኔ አመጣው፣ ፒያሳ፣ ከሱቄ፤
ከኪሱ ሲያወጣው ደረቀብኝ ሳቄ።
"መዝንልኝ" አለ።
ሚዛኔ ያባቴ ነው፣ ሐሰት የማያውቅ፣
ለዘመድ፣ ለባዳ፣ አንድ ግራም የማይሰርቅ።
ቀለበት የያዘው ጎን ተነሣ ተንጋዶ፣
ባዶው ጎን ወረደ፣ ምንም ሳይዝ ከብዶ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወርቅ መዝኜ ኖሬ፣
የሌለ ሲከብድ ያየ የለም ካገሬ።

ላታሞ አጠለቀው።
ከደጃፉ ቆሟል ሐመሶ ባለ አራጣ፤
ላታሞ ጠቆመው፣ አንዲት ቃል ሳያወጣ።
አልጮኸ፣ አልወደቀ፤
ጥላው ብቻ ቆይቶ እንደ ውኃ ደረቀ።
"ማን ነበረ?" አልኩት።
"ማን?" አለኝ።
ሻዬን ሳልጨርስ እኔም ረሳሁት።

ይህን የማወራው ደብተሬን አይቼ፣
የዕለቱን ሳልመዘግብ አላድርም ተኝቼ።
ቀለበቱ መቼም ፊደል አልቆጠረም፤
ሰው ይበላል እንጂ ቀለም አልደፈረም።

በሳምንቱ ታቦር ግራ ትከሻው የለም፤
"ድሮም እንደዚሁ ነው" ይላል ሰው በሰላም።
ድንኳን ተጥሏል፣ ሙሽራዋ ማን ናት?
ዳሱ ሙሉ ዘመድ፣ አንድ የሚያውቅ የላት።

ከዚያ እንዲህ ይላል፣ በገዛ እጅ ጽሕፈቴ፦
"ላታሞ እያለቀሰ መጣ ከቤቴ።
'አቅልጠው' አለኝ። እሳቱ ጠፋብኝ፤
ወናፉ ቢነፋ፣ ብረቱ ሳቀብኝ።
ልሞክረው ብዬ ለአንድ አፍታ አጠለቅሁ።"
ቀሪው ገጽ ባዶ ነው።
ምን ላይ ጠቆምኩበት? እስከ ዛሬ አላወቅሁ።
ወደ ሐይቁ ወርጄ ዓሣ አጥማጆቹን
"ላታሞስ?" ብላቸው፣
ትከሻ ነው መልሳቸው።

ወደ ኋላ ገለጥኩ። ጥር ላይ፣ አንድ መስመር፦
"ለኤልፍነሽ፣ ጉትቻ፣ አራት ግራም።
ሂሳብ የለውም።"

ሂሳብ የለውም?
እኔ እኮ ለገዛ ወንድሜ እንኳ ሳንቲም አልተውኩለትም።
ኤልፍነሽ ማን ናት?
ከሱቁ ጀርባ ካለው ክፍሌ ገባሁ፤
አልጋዬ ላይ ሁለት ትራስ አገኘሁ።
መስኮቱ ጠርዝ ላይ ማበጠሪያ አለ፣
ረዥም ጥቁር ጸጉር ጥርሱ ላይ ያንጠለጠለ።
እኔ መላጣ ነኝ።

ጉትቻውን መዘንኩ፣ አራት ግራም ሞላ።
አባቴ ያወረሰኝ ሚዛን
አይናገርም ሌላ።

ቀለበቱ ዛሬም ከጣቴ አልወጣ አለ፤
ሳሙናም፣ ቅቤም፣ መጋዝም አልቻለ።
እጄን ከኪሴ ከትቼ እውላለሁ፤
እንግዳ ሰው መጥቶ "ሐይቁ በየት ነው?" ሲለኝ
በአገጬ አሳያለሁ።