ባሕር ሸሽ

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በነገረ ፈጅነት
ጽፌ ኖሬያለሁ ለሌላ ሰው አንደበት።
ክሱን፣ መልሱን፣ የመልስ መልሱን፣ የይግባኝ አቤቱታ፣
ከጨርቃ ጨርቁ ግቢ፣ ከጠዋት እስከ ማታ።
እኔ አዘጋጃለሁ፤ ጠበቃው ይቆማል፤
የላቤ ፍሬ ሁሉ በሱ አፍ ይሰማል።
እኔ ከኋላ ወንበር፣ ቦርሳዬን እንዳቀፍኩ፣
ነጠላ ሰረዜን ሲዘል ከንፈሬን እየነከስኩ፣
«እዚያ ጋ ትንፋሽ ነበር» እላለሁ በሆዴ፤
ቃል የኔ፣ ድምፅ የሱ፤ ይኸው ነው ልማዴ።

ዘንድሮ ደብዳቤ መጣ፦ «ሥልጠናውን ለጨረሱ
በከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ በፍትሐ ብሔር ክሱ፣
በራሳቸው አንደበት፣ በራሳቸው ካባ
መሟገት ይፈቀዳል።»
እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ከመሳቢያ ገባ፤
ሦስት ቀን ተኛ።
በአራተኛው ፈረምኩ።

አዳራሹ ሽንብጥ ነው፣ ከሐይቁ ጥግ ያለ።
ሠላሳ አንድ ሰዎች፤ አንድ ማራገቢያ፣ ቆሞ የዋለ።
ፈጠነ ከባንኩ፣ አንጓች ከውሃ ሥራው፤
ብዕራችን ስል ነው፤ ድምፃችንን ነው የምንፈራው።
አሠልጣኙ አቶ ጥሩሰው፣ የጡረታ ዳኛ፣
ቀኝ ጆሯቸው የከበደ፣ ግራውም የተኛ፦
«አልሰማም» ይላሉ፤ «አልሰማም፤ ድገሚው፤
ዘጠኝ መዝገብ የሰማን ጆሮ በሹክሹክታ አትለምኚው።»

ምስለ ችሎቱ ደረሰ፤ ዕጣው ለኔ ወጣ፤
ባሕር ሸሽ መሬት ነው ክርክር ያመጣ።
ጥጊቱ የምትባል ባልቴት፣ በወረቀት የተፈጠረች፣
ውሃው ሲሸሽ ዘርታ፣ ሽምብራ ነቅላ የኖረች።
ለኪው የመጣው ግን በጳጉሜ ማለዳ፤
ማሳዋ ሐይቅ ነበረ፣ የዓሣ መፈንጫ ሜዳ።
«ውሃ» ብሎ መዘገበው። በቃ፣ እንዲያ ተባለ።
ተከሳሽም ይላል፦ «ለውሃ ካሣ የት አለ?»

ቆምኩ። አነበብኩ። ወረቀቱ ከኔ በላይ ይርዳል።
«አልሰማሁም።»
ደገምኩ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።
«አልሰማሁም፤ ፋይሉን ዝጊው፤ እጅሽን አሳርፊ፤
አያቶችሽ ከዋርካ ሥር ‹በላ ልበልሃ› ሲሉ
ወረቀት ነበራቸው? ትርንጎ፣ አትስነፊ!»

ዘጋሁት። ዝም አልኩ። ዝምታው ረዘመ።
በመስኮቱ ሐይቁን ባይ፣ ታንኳ ላይ አንድ ሰው ቆመ፤
እንቦጩን በመቅዘፊያ ገፍቶ ጠባብ መንገድ አወጣ፤
ከየት እንደሆነ እንጃ፣ ቃሉ ካፌ መጣ፦

«ሐይቁ ተከራይ ነው! በሐምሌ ይገባል፤
ኅዳር ሲገባ ደግሞ ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል።
ተከራይ ስለሰነበተ ባለቤት ይባላል?
ለኪው በር ያንኳኳው እንግዳው በተኛበት ነው፤
ባለቤቷ ጓዳ ናት፤ እስቲ የጠራት ማነው?»

ማራገቢያው የዞረ መሰለኝ።
መነጽራቸውን አውልቀው፣ ቀስ ብለው «ሰማሁ» አሉ፤
«‹ክቡር ፍርድ ቤት› ማለት ግን ረሳሽ!» ሣቀ ሠላሳው ሁሉ።

በየካቲት፣ እውነተኛ ችሎት፣ እውነተኛ ባልቴት፤
ስሟም ሌላ፣ ማሳዋም ሌላ፤ ጭንቀቷ ግን የዚያች ዓይነት።
የተዋስኩት ካባ ትከሻው ሰፍቶኝ ቆምኩ፤
ከሦስት ዳኞች ፊት፣ «ክቡር ፍርድ ቤት» ብዬ ጀመርኩ።
ድምፄ ከግድግዳው ሲመለስ ጣመኝ፤
ጣመኝና ፈጠንኩ፤ መሮጥ አማረኝ።
ሰነድ ልቀበል ዞር ስል፣ ከኋላ ወንበር ላይ
ቦርሳዋን ያቀፈች ልጅ፣ ክሱን ያረቀቀችው፣
ከንፈሯን ስትነክስ አየሁ።

ነጠላ ሰረዟን ዘልያታለሁ።

ተመለስኩ።
ተነፈስኩ።
ከሰረዟ በኋላ ቀጠልኩ።

ዳኛው ቀጠሮ ሰጡ፣ ሚያዝያ አሥራ አንድ፤
ፍርድ ቤቱ ወርዶ እንዲያይ፣ ሐይቁ ሲለቅ መንገድ።
ባልቴቷ ከደጅ ያዘችኝ፦ «ምን አሉሽ?»
«ውሃው እስኪሸሽ ጠብቁ።»
ነጠላዋን አጣፋች፤ ወደ ሐይቁ አየች፤
«እሱስ ከቀጠሮ ቀርቶም አያውቅ» አለች።